የመሥሪያ ቤት ሙቀት

በፍራንክፈርት ሐበሻ ዘንድ የጀርመንኛ ሊቅ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን በራሴ ሾሜ፣ ሕዝቡ ዝም ሲል ጸደቀልኝ። እሁድ እሁድ በተከራየነው አዳራሽ ጸሎት ሲያልቅ ወረቀት ይዞ ወደ እኔ የማይመጣ የለም። ከቤት አከራይ፣ ከጤና መድን፣ ከልጅ ትምህርት ቤት የተላከ ደብዳቤ ሁሉ እጄ ላይ ይወድቃል። እኔም መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አስቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ፣ ሲያሻኝም እቆጣለሁ። እንግዲህ ይህቺ ሊቅ በአንዲት ቃል ተሳስታ የገዛ አባቷን ሦስት ሳምንት እንዴት እንዳሰቃየች ነው የምጽፈው። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ትራም ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ቦታ ይቀይራሉ።

ነገሩ የመኪናዬ ነገር ነው። ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንስ አሮጌ የቤት መኪና ናት። ይህ አገር እንዲህ ያለችውን «ኦልድታይመር» ብሎ ያከብራታል፤ በሁለት ዓመት የምበልጣትን እኔን ግን ምንም የሚለኝ የለም። ቀለሟ እዚህ ታክሲዎች የሚቀቡት ክሬም ስለሆነ፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ቀይ መብራት ላይ ስቆም የኋላው በር ይከፈትና ሰው ከነሻንጣው ይገባል። እንዲህ ከገቡት ሁለቱን እንሄዳለን ያሉበት ድረስ አድርሻቸዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ተቀምጠዋል!

የገዛኋት ከፍቅር ብቻ ሳይሆን ከችግርም ነው። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ በማርሽ መኪና ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። በመጀመሪያው ፈተና መስቀለኛ መንገድ መሃል ሞተሩ ጠፋብኝ፤ በሁለተኛው አስተማሪዬ ከጎኔ ሆኖ ፍሬን ባይዝልኝ ኖሮ ዳቦ ቤት እንገባ ነበር። በመጨረሻ እኔና ፍሪሲዮን እንዳልተፈጠርን በትሕትና ነግሮኝ በአውቶማቲክ ተፈተንኩና አለፍኩ። ፈቃዴ ላይም አውቶማቲክ ብቻ እንድነዳ ተጻፈበት። ያኔ በአቅሜ የተገኘችው አውቶማቲክ ይህቺው ነበረች፤ ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትዮ ብርድ ልብስ አልብሳ ያስቀመጠቻት። ስነዳት ንግሥት ንግሥት ይለኛል። መዋሸት አልችልም።

ችግሯ ግን ዘይት ማፍሰሷ ነው። መጀመሪያ አንዲት ጠብታ ነበረች፣ ከዚያ የስኒ ማስቀመጫ አከለች፣ ከዚያ ሳህን። አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ማርሹን በሚቀያይረው ሳጥን ውስጥ ያለው ዘይት ቀይ ነው፣ ልክ እንደ ከርከዴ። ለቦሎ ስወስዳት መርማሪው ሥሯ ገብቶ በመብራት አየ፣ ጣቱን አስነካ፣ ቀዩን ጣቱን ዓይኔ ሥር አምጥቶ አሳየኝና አንድ ወር ሰጠኝ። በወር ውስጥ ደርቃ ካልተመለሰች መንገድ ላይ አትወጣም።

ይህ በሆነበት ሰሞን አባባ ለሦስት ወር ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው እኔው ጋ ነበሩ። አርባ ዓመት ጋራዥ የሠሩ መካኒክ ናቸው። ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወንድሜ ጋራዡ በክብር እንደሸኛቸው በስልክ ነገረኝ። አባባን ስጠይቃቸው «የምን ክብር? ኬክ አብልተው አስወጡኝ» አሉ። ፕሮይንገስሃይም ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ትራም ይቆጥሩ ነበር። ሻይ ስሰጣቸው ስኒውን በሁለት እጃቸው ይይዙና እንዳላይባቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። አንድ ቀን «ይህ እጅ ከእንግዲህ ለመጉረስ ብቻ ነው» ሲሉ ሰምቼ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ስለ ቀዩ ዘይት የነገርኳቸው ለጨዋታ ያህል ነበር። ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ከየት በኩል ነው?»

«ከሥር ነዋ፣ አባባ።»

«ሁሉም ከሥር ነው። ከኮፓው ነው? ከፓራኦሊዮው ነው? ከቱቦው ነው?»

«እኔ የማውቀው ቀይ መሆኑን ነው።»

ኮፓ ማለት ካምቢዮው ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት ድስት መሳይ ነገር መሆኑን፣ ፓራኦሊዮ ደግሞ ኋላ በኩል በሚወጣው ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት መሆኑን በናፕኪን ላይ ስለው አስረዱኝ። ሥዕሉ እንደ እጃቸው ተንቀጥቅጧል፤ ግን ገባኝ።

«ስንት ጊዜ ሰጡሽ?»

«አንድ ወር።»

«ይበቃል። ይህን ሳልዘጋ አልሄድም» አሉ።

ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ፈራሁ። ባይሳካ እኔ የማጣው መኪና ነው፤ እሳቸው ግን የሚያጡት እጃቸውን ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚህ አገር ግቢ ውስጥ መኪና መፍታት አይሞከርም፤ ገና ኮፋኖ ስትከፍት የጎረቤት መስኮት አብሮ ይከፈታል። ዚንድሊንገን ውስጥ ግን፣ ከኬሚካል ፋብሪካዎቹ ወዲህ፣ ቦታውንና መፍቻውን በሰዓት የሚያከራይ ጋራዥ አለ። ሚትቬርክሽታት ይሉታል። መኪናዬ በኤሌክትሪክ ማንሻ ከራሳቸው በላይ ስትሰቀል አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አርባ ዓመት በጀርባዬ ተኝቼ ያየሁትን ዛሬ ቆሜ አየሁት» አሉ። ጥቂት ቆየት ብለው ደግሞ «እስቲ ዝቅ አድርጊልኝ፣ አንገቴ ቀና ማለት አልለመደም» አሉኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከመጡ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

አባባ ዘይትን አያምኑትም። «አታላይ ነው» ይላሉ፤ «እዚህ ይወጣል፣ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ እዚያ ይንጠባጠባል። ሰነፍ መካኒክ የሚንጠባጠብበትን ይዘጋና ገንዘብ ይቀበላል።» ስለዚህ መጀመሪያ ካምቢዮውን ዙሪያውን በሚረጭ ማጽጃ አጠቡት፣ በጨርቅም አደረቁት። ቀጥለው የሕፃን ፓውደር እንዳለኝ ጠየቁኝ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ ከቦርሳዬ ፓውደር አይጠፋም፤ አንገታቸውን ሊቀቡ መስሎኝ ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን መዳፋቸው ላይ አድርገው እፍ እያሉ ካምቢዮውን አለበሱት። መኪናዬ ገላዋን ታጥባ ፓውደር የተቀባች ሕፃን ሆና ሸተተች። የጋራዡን ባለቤት የፓውደሩ ጠረን ስቦት መጣ፤ አንጋጦ አየ፣ አሰበ፣ አውራ ጣቱን አነሣልን።

ሩብ ሰዓት ነድተናት ስንመለስና ስንሰቅላት፣ ነጩ ፓውደር ላይ አንዲት ቀይ መስመር ተሰምራለች። ከኮፓው የፊት ጥግ ተነሥታ ወደ ኋላ ሄዳለች።

«ያዝኩሽ!» ብለው ጮኹ አባባ። በሌሎቹ ማንሻዎች ሥር ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞሩ።

ኮፓውን ሲያወርዱት ጠርዙ በየብሎን ቀዳዳው ዙሪያ ተጎድጉዷል። ከዚህ በፊት የነካው ሰው እንዳያፈስ ብሎ አለቅጥ አጥብቆታል። አባባ ያንን የማያውቁትን ሰው ተቆጡት፣ «ጉልበት ብቻ!» አሉት፣ ከዚያ ጠርዙን እንጨት ላይ አስደግፈው በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ እያደረጉ አቃኑት። ማጣሪያውን ቀየሩ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ አለበሱ፣ ብሎኖቹን በጣታቸው ማስገባት ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልያዝልዎ ብዬ ስጠጋ «ተይው፣ መንቀጥቀጡ ራሱ ያሽከረክረዋል» ብለው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። በመፍቻው ሲያጠብቁ ደግሞ አንዱን ከዚህ፣ ቀጣዩን ከማዶ፣ በመስቀል እየዞሩ፣ ጥቂት ጥቂት ብቻ። ማጥበቁ የሚበቃበትን ቦታ መፍቻው ሳይሆን ክንዳቸው ነው የሚያውቀው። ከንፈራቸውን ነክሰው ሲሠሩ ሳያቸው ኮራሁባቸው፣ ልቤ እስኪሞላ ኮራሁባቸው።

ቀጥሎ ዘይት መሙላት ነው። የሚሞላው መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀጭን ቱቦ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባለ ማርሽ ካምቢዮ ላይ ስለሆነ፣ በአውቶማቲክ ነገር ሊዳፈሩ አልፈለጉም።

«መጽሐፏ ምን ይላል?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ሊቋ ገባች። መነጽሬን አወጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሞተሩ እየሠራ ይሁን ይላል፤ ጥሩ። ማርሹ ማቆሚያው ላይ ይሁን ይላል፤ ጥሩ። ከዚያ አንዲት ረጅም ቃል መጣች፤ ቤትሪብስቫርም። ቫርም ማለት ሙቅ ነው፣ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ቤትሪብ ደግሞ በየቀኑ የማየው ቃል ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሐኪም ቤትሪብስአርትስት ነው፣ የሠራተኛው ተወካዮች ቤትሪብስራት ናቸው፣ በዓመት አንዴ ወንዝ ዳር የሚወስዱን ሽርሽር እንኳ ቤትሪብስአውስፍሉግ ነው። ለቅጽበትም አላመነታሁም።

«በመሥሪያ ቤት ሙቀት ይለካ ይላል።»

«የየትኛው መሥሪያ ቤት?»

«የማንኛውም። ቢሮ ውስጥ እንዳለው ሙቀት፣ ሃያ ዲግሪ ምናምን። ብርድ ላይ አትለኩ ማለቱ ነው።»

አባባ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰዎቹ ለዘይቱም መሥሪያ ቤት ሰጥተውታል!» አሉ።

የጋራዡ ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል፤ ሃያ አንድ ይላል። ከዚህ በላይ ምን መሥሪያ ቤት አለ? ሞተሩን አስነሣን፤ እኔ ቴርሞሜትሩን፣ እሳቸው ዘንጉን እያየን እስከ ላይኛው ምልክት ሞላን። ወደ ቤት ስንመለስ አባባ መንገዱን ሁሉ አንጎራጎሩ።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ካርቶን አነጠፍንላት። ካርቶኑ ላይ የወረደው ከበፊቱ እጥፍ ነበር፤ ደግሞም ከኋላ በኩል። አባባ ጎንበስ ብለው አይተው ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። «ፓራኦሊዮው ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ግን የትላንቱ አልነበረም።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልናዘዝ። በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ከሕንጻችን ሥር ባለው ማቆሚያ፣ ሞተሩን አስነሥቼ ዘንጉን አወጣለሁ። ጎድሏል። ምስኪን፣ ራባት እላለሁ። ኮፋኖው ላይ ተደፍቼ በቀጭን ማንቆርቆሪያ ምልክቱ ድረስ አጠጣታለሁ፤ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ትንሽ ጨመር አደርግላታለሁ። ጉርሻ መሆኑ ነው። እንግዳን በቃኝ እስኪል ብቻ አብልቶ መሸኘት በእኛ ቤት ነውር ነው፤ ከበቃኝ በኋላ ያለው ነው የእኛ ፍቅር። ለአባባ አልነገርኳቸውም። በየቀኑ ይህን ያህል ትጠጣለች ብዬ ሐሞታቸውን ማፍሰስ አልፈለግኩም።

ዚንድሊንገን ተመልሰን ሄድን። አባባ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ አወረዱ፣ ያረጀውን ፓራኦሊዮ አወጡ፣ አዲሱን በእንጨት ቁራጭ ዙሪያውን መታ መታ እያደረጉ አስገቡ። ግማሽ ቀን ፈጀ። እኔም እንደ ሊቅነቴ ቴርሞሜትሩን አንብቤ «የመሥሪያ ቤት ሙቀት ነው፣ አባባ፣ ይለኩ» አልኩ። ሞላን። ሁለት ቀን አልቆየችም። አሁንማ ዘይቱ ጭስ ማውጫው ላይ እየወረደ መጨስ ጀመረች፤ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ጭሱን ያየ አንድ ሳይክል ነጂ መስኮቴን አንኳኩቶ ምራቁ እስኪደርቅ ገሠጸኝ።

ያን ዕለት አባባ ራት አልበሉም። ክፍላቸው ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሻንጣዬን ከላይ አውርጂልኝ። ቲኬቴንም አስቀይሪልኝ፣ በዚህ ሳምንት ልሂድ።»

«የቦሎው ቀጠሮ እኮ ረቡዕ ነው፣ አባባ።»

«ይድረስ። መኪናዋን ለሌላ መካኒክ ስጪ» አሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እንደ ሰው ዕቃ አዩት። «የዘጋሁት ነገር ሲያፈስ አይቼ አላውቅም ነበር። እነዚያ የጋራዡ ልጆች ኬክ አብልተው ማስወጣታቸው ልክ ነበር።»

 ሻንጣውን ግን አላወረድኩም፤ ቁም ሣጥኑ ረጅም ነው፣ አልደርስበትም አልኩ። ከእሳቸው እረዝማለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ እየላጨሁ ነበር። ሠላሳ ዓመት በዚህ ከተማ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ መኪናዬን በመስኮት ባዩ ቁጥር ሰላምታ የሚሰጡት ለእሷ ነው። ፊቴ ጠቁሮ ስላዩኝ ምን ሆነሻል አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ኮፓው፣ ፓራኦሊዮው፣ አባባ፣ ሻንጣው። ሳሙናው ፊታቸው ላይ እንዳለ አዳመጡኝ።

«ስትለኩ ሙቅ ናት?» አሉ።

«አዎን እንጂ። መጽሐፉ እንደሚለው፣ በመሥሪያ ቤት ሙቀት።»

«በምን?»

«ቤትሪብስቫርም ይል የለ? ሃያ አንድ ዲግሪ።»

መጀመሪያ የታመሙ መሰለኝ። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ምላጩን ሸሸግኩ። ሽማግሌው እየሳቁ ነበር። አረፋው ፎጣው ላይ፣ ልብሴ ላይ፣ መስተዋቱ ላይ ተረጨ። ትንፋሽ ሲያገኙ እንዲህ አስረዱኝ፤ ቤትሪብ ማለት እዚህ ላይ መሥሪያ ቤት ሳይሆን መሥራት ነው። መኪናዋ ሠርታ፣ ተነድታ፣ ዘይቱ እጅ እስከሚያቃጥል ሲግል ነው የሚለካው። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። በቀዝቃዛው ምልክቱ ድረስ የሞላ ሰው፣ ስትሞቅ አለመጠን ሞልቷታል ማለት ነው፤ ያኔ ካምቢዮው ዘይቱን እንደ ቢራ ያስነሣውና ከላይ ባለችው መተንፈሻ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይገነፍላል። ከዚያ በጀርባው ወርዶ ኋላ ይንጠባጠባል።

«ታዲያ ኮፓው?» አልኩ።

«ኮፓው ምን ሆነ? አባትሽ የዚያኑ ቀን ዘግተውታል። የምታፈሰው እናንተ የሞላችሁት ነው።»

የዚያኑ ቀን! ሽማግሌውን ግንባራቸው ላይ ሳምኳቸው፣ አፌ በሳሙና ተሞላ። ኮሪደሩ ላይ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ሰዓቱ አልሄድ አለኝ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ስጨርስ ካፖርቴን ገልብጬ ለብሼ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው ሌላው ግማሽ የታወሰኝ፤ አባባ ልክ ከሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ሊቅነቴ መኪናዋ ውስጥ ተኮማተረች።

ስገባ በረንዳው ላይ ነበሩ።

«አባባ፣ አጥፍቻለሁ።»

«ምን አጠፋሽ?»

ተረኩላቸው፤ ቃሏን፣ ሐኪሙን፣ ተወካዮቹን፣ ሽርሽሩን ሳይቀር። ሳይንቀሳቀሱ ሰሙኝ። ከዚያ ቁጣቸው መጣ፣ ያ የልጅነቴ ቁጣ።

«ያንን ፓራኦሊዮ ምንም ሳይሆን ነው የፈታሁት? ግማሽ ቀን?»

«አዎን።»

«ሳታውቂው ለምን አውቃለሁ ትያለሽ? አንድ ሰው አትጠይቂም?»

«ሁሉም ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው፣ አባባ።»

ጢማቸው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ከዚያ በኋላስ ጨምረሻል?»

«በየቀኑ ጠዋት። ከምልክቱም ትንሽ አለፍ አድርጌ።»

 አባባ መንገዱን አዩ፣ ትራሙ አለፈ።

«እኔም ከሰዓት ከሰዓት፣ ከሥራ ገብተሽ ስትተኚ እየወረድኩ ጨምሬያለሁ» አሉ። «ሐሳብ እንዳይገባሽ ብዬ።»

ተያየን። ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላስታውስም። አባባ የበረንዳውን ብረት ይዘው፣ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ያቺ ምስኪን መኪና ከሁለት ወገን እየጎረሰች ሦስት ሳምንት በቃኝ፣ በቃኝ ስትል ከርማለች፤ የሰማት የለም።

ወዲያው ወረድን። ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው አውራ ጎዳና ግማሽ ሰዓት ነዳኋት፤ አባባ መዳፋቸውን የማርሹ ግራና ቀኝ ወለል ላይ አድርገው ሙቀቱን ይከታተላሉ። ነዳጅ ማደያ ገብተን ሞተሩ እየሠራ ኮፋኖውን ከፈትን። ዘንጉን ሲያወጡት ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በአራት ጣት በልጧል። አባባ ፉጨት አወጡ። የማውጣቱ ሥራ የእኔ ሆነ፤ በቱቦ ለሚመገቡ ሰዎች የምንጠቀምበትን ዓይነት ትልቅ ስሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ነበር፣ ቀጭን ቱቦ አስረዘምኩለት። ሞተሩን አጥፍተን በዘንጉ ቀዳዳ አስገብቼ ሳብኩ፤ ስሪንጅ፣ እንደገና ስሪንጅ፣ እየለካን አሥራ ሁለት ጊዜ። «ስታበዪ እንጂ ስታስመልሺ ያየሁሽ ዛሬ ነው» አሉኝ አባባ። በዚህ መሃል አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው መጥቶ ነፃ መሆናችንን ጠየቀን፤ ቀይ እጃችንን ሲያይ ይቅርታ ብሎ ሄደ።

ቤት ሄደን አጠብናት፣ ፓውደር ነፋንባት፣ ማክሰኞን ሙሉ ነዳኋት። ማታ አባባ ካርቶኑን አውጥተው ወደ መብራቱ አነሡት። ነጭ ነበር።

ረቡዕ ያው መርማሪ ነው የጠበቀን። አባባ ከረባት አስረዋል። ሰውየው መኪናዋን ሰቅሎ መብራቱን ይዞ ሥሯ ሲገባ እኔ የማየው እሱን ሳይሆን አባባን ነበር፤ ዓይናቸው ከሰውየው ጣት ላይ አልነቀል አለ። ጣቱ በኮፓው ጠርዝ ዙሪያ ዞረ፣ ኋላ ሄደ፣ ተመለሰ። አውጥቶ በመብራቱ አየው።

«ትሮክን» አለ።

«ምን አለ?»

«ደረቅ ነው አለ።»

አባባ ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደረቅ እንደነበር ንገሪው።»

«አባባ፣ እሱ ምን ቸገረው?»

«ንገሪው እልሻለሁ።»

ነገርኩት። አባቴ አርባ ዓመት የሠራ መካኒክ መሆኑን፣ በመጀመሪያው ቀን እንደዘጋው፣ የቀረው ሁሉ የእኔ የትርጉም ስህተት መሆኑን፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አንዲትም ቃል ሳልስት። ሰውየው እኔን አየ፣ አባባን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ቦሎውን ለጠፈና «ጉተ ፋርት» ብሎ፣ መልካም ጉዞ ማለት ነው፣ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ።

«ምን አለ?»

አፌ ላይ የመጣውን አልመለስኩትም። «እንደ እርስዎ ያለ እጅ እዚህ አገርም የለም አለ።»

አባባ የሰውየውን ጀርባ አዩ። «ይህን ሁሉ በሁለት ቃል?»

መነጽሬን አውጥቼ መጥረግ ጀመርኩ።

«አላለም» አሉ።

«አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር ገና አልለቀቀም፣ ጣቶቻቸውም እንደ ሁልጊዜው ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን አልሸሸጉትም። አንሥተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት።

«ታዲያ የራስሽን ቃል ለምን በሰው ታሳብቢያለሽ?» አሉኝ።